ጣት የሚሰማው ሳጥን

በ1974 እ.ኤ.አ. በአምሃ ሪከርድስ የታተመውን የሙላቱ አስታጥቄን የኢትዮ-ጃዝ ሸክላ የሰማ ሰው ዋዋ የሚለውን ጊታር አይረሳውም። ዋዋ የሚታዘዘው በእግር ነው፤ ስትረግጠው ድምጹ አፉን ይከፍታል። አሜሪካዊው ማይክ ቢግል ግን በ1972 እግርን አስቀረ። ሙ-ትሮን 3 የሚባለው ኢንቨሎፕ ፊልተሩ የአመታትህን ጉልበት ወደ ብርሃን ይለውጣል፤ ብርሃኑ ደግሞ ፊልተሩን ይከፍታል። ጠንከር ስትል በሰፊው፣ ለስለስ ስትል በጥቂቱ። ስቲቪ ዎንደር በ1973 «ሀየር ግራውንድ» ላይ ክላቪኔቱን በዚህ ሳጥን ነው ያሳለፈው።

አሮጌውን ስትገዛ ቀለሙን ተወው። ብርሃን ተቀባዩ ከደከመ ሳጥኑ ስለሚሰንፍ፣ ቀስ ብለህም በኃይልም እየመታህ ልዩነቱን ስማ። በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ መሥራቱ፣ መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት ቆቦ ቀላል ነገር አይደለም።

ራያ ቆላ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፦ የእኛን እጅ ይሰማል ወይ? ክራርን ይሰማል። ክሩ ሲመታ ድምጹ ብድግ ብሎ ይወድቃል፤ ፊልተሩም አብሮት። ማሲንቆ ግን ጣጣ አለው፤ ደጋኑ ጭራውን ሳያቋርጥ ስለሚያሸው ፊልተሩ እንደተከፈተ ይቀራል። ደጋኑን በጭብጨባው ልክ ቆረጥ ቆረጥ ብታደርገው ይሠራል፤ እንጉርጉሮው ግን አብሮ ይቆረጣል። እኔ ሳጥኑን ለክራር ትቼዋለሁ።