የፈተነ ይተምናል፦ የትንሿ ብልቃጥ ታሪክ

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ከትናንሽ ሽቶ ቀማሚዎች ስድስት የናሙና ብልቃጥ አዘዝኩ። አንዱ እኔ ላይ ዕጣን ዕጣን ይላል፣ እህቴ ላይ ግን ከረሜላ ነው። ብልቃጡ ላይ ሳሸተው ደግሞ ሁለቱንም አይደለም። ይሄ ነገር ታሪክ አለው ወይስ እኛ ነን ያበድነው?»

አላበዳችሁም። ታሪክም አለው፣ ያውም ከ2,000 ዓመት በላይ የተጻፈ ታሪክ። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ስለ ቡናውም ወደ ኋላ ላይ የምላት ነገር አለችኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ለማታውቁት። ነገርዬዋ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ፣ ከትንሽ ጣት የምታንስ የብርጭቆ ብልቃጥ ናት። ውስጧ ያለው ሽቶ እንደ ትልቁ ሱቅ ሽቶ በአልኮል ሳይሆን በዘይት የተበጀ ነው። አይረጭም፣ ይቀባል። ሰዎች ትልቁን ጠርሙስ ከመግዛታቸው በፊት እነዚህን ብልቃጦች ሰብስበው በየቀኑ አንድ ሁለቱን ቆዳቸው ላይ ይሞክራሉ። ለብዙዎቻችን የአዲስ ዘመን ቅብጠት ይመስላል። አይደለም።

ከአሪስቶትል በኋላ የአቴንሱን ትምህርት ቤት የተረከበው ቴዎፍራስጦስ የሚባል ፈላስፋ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው እና በ3ኛው ምዕተ ዓመት መካከል የኖረ ሰው ነው። ስለ ዕፀዋት በጻፋቸው ሥራዎቹ ይታወቃል፤ ከዚያ ሌላ ግን ስለ ሽታዎች ብቻ የሚናገር አጭር መጽሐፍ አለው። እዚያ ውስጥ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ሽቶ ከእጅ አንጓ ላይ ሲሸተት ለምንድን ነው ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ የሚጣፍጠው? ሽቶ ቀማሚዎቹም እዚያው ላይ ይቀቡ እንደነበር ይነግረናል። እንግዲህ ዛሬ አንዲት ልጅ አንጓዋን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ የምታደርገውን ነገር የአቴንስ ገበያተኛም ያደርገው ነበር ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሌላ ወሬ ነው። ደንበኛው አመንትቶ ወደ ሌላ ሱቅ ሊሄድ ሲል ሻጩ የጽጌረዳ ሽቶ ይቀባዋል። የጽጌረዳው ሽታ ሌላውን ስለሚሸፍንበት ሰውየው ቀጣዩ ሱቅ ሲደርስ ምንም መለየት አይችልም። አያችሁልኝ? የቀባ ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

ለእኔ የሽቶ ታሪክ ቁልፉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሽቶ እንደ ጤፍ በእፍኝ ታይቶ፣ እንደ ጨርቅ ተዳስሶ አይታወቅም። መፈተን አለበት፣ ፈተናው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ትግሉ አንድ ነው፦ ፈተናው በማን እጅ ነው? የፈተነ ይተምናልና።

ቆዳ ለምን እንደተመረጠ ዛሬ እናውቃለን። የቆዳችን ገጽ ሙቀት በአማካይ 32 እና 33 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሽቶ ደግሞ አንድ ነገር አይደለም፣ የብዙ ነገሮች ጉባኤ ነው። ቀለል ያሉት፣ እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተንነው ይሄዳሉ። አበባውና ቅመሙ ይከተላል። እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ምስኩ ሰዓታት አልፈውም እዚያው ናቸው። አልኮል ቶሎ ስለሚተን ሽታውን ወዲያው ወደ አየር ይበትነዋል። ዘይት ግን አይቸኩልም፤ ሽቶውን ቆዳ ላይ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ ብልቃጡን ከፍቶ አሽትቶ መፍረድ ሙሽራን በሰርጓ ቀን አይቶ ትዳሩን እንደመተንበይ ነው።

የእህትማማቾቹስ ልዩነት? ደረቅ ቆዳና ወዛም ቆዳ ሽቶን እኩል አይዙም። ጠዋት የታጠቡበት ሳሙናና የተቀቡት ሎሽንም ይቀላቀላል። በዚያ ላይ አፍንጫ ራሱ ይለያያል፤ አንዳንድ ሰው የተወሰነ የምስክ ዓይነት ጨርሶ አይሸተውም። ስለዚህ ለአንዷ ዕጣን፣ ለሌላዋ ከረሜላ ቢሆን ሁለቱም አልዋሹም።

ወደ ብልቃጧ እንመለስ። ቴዎፍራስጦስ ሙቀት ሽቶን ያበላሻል ይላል። ለዚህ ነው ሰዎች በእርሳስ ዕቃና በአልባስጥሮስ ብልቃጥ ያስቀምጡት የነበረው። ይሄን ስም ከወንጌል ታውቁታላችሁ። በማርቆስ ወንጌል ሴትዮዋ ሰብራ ያፈሰሰችው የናርዶስ ሽቶ የነበረው በአልባስጥሮስ ብልቃጥ ነው። ናርዶሱ ከሂማላያ ተራሮች የሚመጣ ሥር ነው። ከ300 ዲናር በላይ ይሸጥ ነበር ይባላል፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በቀን 1 ዲናር በነበረበት ዘመን ይሄ የአንድ ዓመት ላብ ነው። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ሲሸጥ ደግሞ አስመስሎ የሚሠራ አይጠፋም። በ9ኛው ምዕተ ዓመት የባግዳዱ ሊቅ አልኪንዲ ስለ ሽቶ ቅመማና ማንጠር በጻፈው መጽሐፍ ከ100 በላይ አሠራሮችን አስፍሯል። ከነዚህ ውስጥ ውድ የሆኑትን አስመስሎ ለመሥራት የሚያገለግሉ ይገኙበታል። ገዢ ሆይ፣ አፍንጫህን ጠብቅ!

ሕንድ ውስጥ ካናውጅ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ እስከ ዛሬ አበባ በመዳብ ጋን ውስጥ በውኃ ይቀቀላል። እንፋሎቱ በቀርከሃ ቧንቧ አልፎ የሰንደል ዘይት ወዳለበት ሌላ ዕቃ ይገባና መዓዛውን ለዘይቱ ያስረክባል። ከዚህ ሁሉ ደስ የሚለኝ አንዱ ነው። የተጠበሰ የሸክላ አፈር በዚሁ መንገድ አንጥረው የመጀመሪያ ዝናብ ሲመታው ደረቅ መሬት የሚሸተውን ሽታ በዘይት ይይዙታል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደጅ የወጣ ሐበሻ ይሄን ሽታ ማብራሪያ ሳይፈልግ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቤታችን። እኛም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለን፣ ግን የት ጋ እንደቆምን ልብ በሉ። በጥንቱ ዓለም ሽቶ ውስጥ የሚገባው ከርቤ የሚበቅለው በደቡብ ዐረብና በእኛው በአፍሪካ ቀንድ ነው። ከዚያ ደግሞ ዝባድ አለ። ከጥርኝ ዕጢ የሚፋቀው ቅባት ማለቴ ነው። እናርያ፣ ከፋ፣ ጅማ የታወቁበት ሀብት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሊሙ እናርያው የሳቃ ገበያ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም ባሶ ገበያ ደርሶ፣ ወደ ሰሜን ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። የሚጓዘው በከብት ቀንድ ታሽጎ ነው። የኛ ብልቃጥ ቀንድ ነበረች።

ጥርኟም ዋጋ ከፍላለች። ወንዱ ጥርኝ መዞሪያ በሌለው ጠባብ ጎጆ ውስጥ ይታሰራል፤ ሥጋና ቅቤ ይበላል፤ በየአሥር ቀኑ ገደማ ተይዞ ዕጢው ይፋቃል። ይሄን ሳንናገር ስለ መዓዛው ብቻ ብናወራ ግማሹን ታሪክ መደበቅ ነው።

ጥሬው ዝባድ ይከረፋል። በብዙ እጥፍ ሲቀጥን ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ አበባውን ያሞቀዋል፣ ሽቶውን ቆዳ ላይ ያቆየዋል። አውሮፓ ለዚህ አብዶ ነበር። «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው ዳንኤል ዴፎ እንኳ በ1692 ገደማ ዝባድ ሊነግድ 70 ያህል ጥርኞች ገዝቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በዕዳ ከሰረ። በ1889 የወጣው የጌርላን «ዢኪ»ም ሆነ በ1921 የወጣው «ሻኔል ቁጥር 5» ዝባድ ነበረባቸው።

ታዲያ ዋጋውን ማን ይቆርጥ ነበር? ዝባድ ላይ ቅቤና ሌላ ቅባት መቀላቀል የተለመደ ማጭበርበር ነበር። ስለዚህ ዋጋ የሚያወጣው ቀንዱን ከፍቶ፣ አቅጥኖ፣ ጠብቆ ያሸተተው ነው። ገበሬያችን የሚያውቀው ክርፋቱን ነው፣ ፓሪስ የምታውቀው መዓዛውን። አንዱ ሌላው የሚያውቀውን አያውቅም ነበር። በኋላ በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት የዝባዱን ዋና ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አወቃቀር ፈታው፤ በ1939 ኖቤል ሲሸለም ይሄ ዓይነቱ ሥራው ተቆጥሮለታል። ቤተ ሙከራ ሽታውን መሥራት ከቻለ በኋላ ቀንዱ ተፈላጊነቱ ቀነሰ። የመጨረሻውን ፈተና የመያዝ ነገር ይሄው ነው፤ ፈታኙ ያለ አቅራቢው መኖር ይችላል፣ አቅራቢው ግን ያለ ፈታኙ ይቸገራል።

ገዢውስ? እሱም ከፈተናው ተገፍቶ ነበር። በ1709 ኮሎኝ ከተማ ላይ የፋሪና ቤት የአልኮል ሽቶውን መሸጥ ከጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ አልኮል ዘይትን ከአውሮፓ ገበያ አስወጣው። ሽቶ የታሸገ ውብ ጠርሙስ ሆነ፤ ገዢው የሚደርሰው ወረቀት ላይ የተረጨ የመጀመሪያ ደቂቃ ሽታ ነው። ወረቀት ደግሞ አይሞቅም፣ ወዝም የለው።

ዘይት በጓሮ በር ተመለሰ። በ1953 ኤስቴ ላውደር «ዩዝ ዱ» የተባለውን ሽቶ ያወጣችው በመታጠቢያ ዘይት መልክ ነው፤ ሴቶች ሱቅ ውስጥ ከፍተው እንዲያሸቱት ክዳኑን በላስቲክ አላሸገችውም። ጥቁር አሜሪካውያን የመንገድ ነጋዴዎች በየጎዳናው የዘይት ሽቶ በትናንሽ ጠርሙስ ደርድረው ሸጡ፤ እጅህን አምጣ ይሉሃል፣ ይቀቡሃል። በ1972 «ጆቫን ምስክ» በዘይት መልክ ወጣ። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። በ2002 ሎስ አንጀለስ ላይ «ብላክ ፊኒክስ አልኬሚ ላብ» የተባለ ትንሽ ቤት ተከፈተና የዘይት ሽቶ በደብዳቤ መላክ ጀመረ። በኢንተርኔት ማሽተት አይቻልም፤ ስለዚህ የናሙና ብልቃጥ ግድ ሆነ። ሌሎችም ተከተሉ። ሳይታሰብ ፈተናው ከሻጩ ጠረጴዛ ተነስቶ ወደ ገዢው ቤት ሄደ። ማንም ሳይቀባው፣ ማንም ሳያቻኩለው።

እንግዲህ መብቱ ከመጣ አጠቃቀሙ፦

በቀን ከሁለት አትለፉ፣ በእያንዳንዱ አንጓ አንድ። ሽታ የሌለው ሳሙና ተጠቀሙ። ቀብታችሁ አትሹት፣ ዝም በሉት። ወዲያው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ አሽቱና ጻፉት። በነጋታው በሌላ ቀን ድገሙት።

አፍንጫ ሲደነዝዝ ሱቆች ቡና ያሸትቷችኋል። በ2011 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት የቡና ፍሬ ከተራ አየር የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ቡናውን ጠጡት በቃ፣ ለአፍንጫችሁ ንጹሕ አየር ይበቃል።

ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ቀረፋና ቅርንፉድ ቆዳ ያስቆጣሉ፤ የቤርጋሞት ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያጠቁር ይችላል። መጀመሪያ ትንሽ ጠብታ ክንድ ላይ አድርጋችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካሳከካችሁ ታጠቡት፣ አትገዙት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ላይ አደስ ጨምረው ጸጉራቸውን ሲቀቡ፣ አሪቲና ጠጅ ሳር ሲመርጡ፣ መዓዛን በቅባት መያዝ ምን እንደሆነ በደንብ ያውቁ ነበር። የትኛው እስከ ማታ እንደሚቆይ፣ የትኛው ጠዋት ብቻ እንደሆነ ለይተው ያውቃሉ። ቀማሚም ፈታኝም እነሱ ነበሩ። ዛሬ ዕጣንና ከርቤያችን አብዛኛው ጥሬውን እየተጫነ ይወጣል፤ የሚያቀጥነው፣ የሚቀምመው፣ ዋጋ የሚያወጣለት ሌላ ሰው ነው። ያቺ የቤት ውስጥ እውቀት ግን አልተጫነችም፣ እየተረሳች ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ። በእናንተ አገር ለጋ ቅቤ ውስጥ ምን ይጨመር ነበር? ስሙን በአካባቢው አጠራር፣ የት እንደሚበቅል፣ ስንት ቀን እንደሚሸት ከታች ጻፉልኝ። አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። እኔ እሰበስባለሁ።