እናት በግና እንሰት፤ የበግ እርባታ ታሪክ በጉራጌ አገር

የታሪክ ጸሐፊዎች የነገሥታትን ዘመን፥ የጦርነትን ቀንና የከተሞችን መቈርቈር በትጋት ይጽፋሉ፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ በሌሊት ስለምትወልድ በግ ግን የሚጽፍ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ድኻው ገበሬ ግብሩን የሚከፍለው፥ ልጁን የሚያስተምረው፥ የታመመበትንም የሚያሳክመው ብዙ ጊዜ በዚያች በግና በግልገሏ ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፊደል ቈጥሮ ቅኔ እስኪቀኝ ድረስ ብርዱን የሚከላከልበት ደበሎ የበግ ቆዳ ነው፤ አባቶቻችን መጻሕፍትን የጻፉበት ብራናም ከፍየልና ከበግ ቆዳ የተዘጋጀ ነው። ይህን ያህል ውለታ ያላትን እንስሳ መርሳት አይገባምና፥ በጉራጌ አገር የእናት በግ አያያዝ በምን እንደ ቆመ፥ ምን እንዳለፈበትና ዛሬ ምን እንደሚያሰጋው በአጭሩ እንጽፋለን።

ጉራጌ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብና በስተ ደቡብ የሚገኝ አገር ነው። ወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ 158 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ቡታጅራም ከተራራው በስተ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከአዲስ አበባ ይርቃሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኑ። በሁለቱ መካከል የጉራጌ ተራራ ተጋድሟል፤ ከፍተኛው ጫፍ ዘቢዳር ከ3,700 ሜትር በላይ ይነሣል። በደጋው ገብስና ሣር፥ ከዚያ ዝቅ ሲል እንሰት፥ ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ ጫትና በርበሬ ይበቅላሉ። በግ በደጋውም በወይና ደጋውም ይረባል።

የዚህ አገር የበግ እርባታ ምሥጢሩ ያለው በእንሰት ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይፋፋም፤ ፍግም ያለ ከብት አይገኝም። ስለዚህ የጉራጌ ቤት ሲሠራ አንዱ ወገን ለሰው፥ ሌላው ወገን ለከብት ሆኖ በአንድ ጣራ ሥር ይከፈላል። ማታ ላሟም በጊቱም ከቤት ትገባለች፤ ጧት ፍጉ ተጠርጎ በጓሮ ወዳለው እንሰት ይወሰዳል። እንሰቱም በፈንታው ከሥሩና ከግንዱ ለሰው ቆጮ፥ ከቅጠሉ ለከብት መኖ ይሰጣል። እንደዚህ ያለው መሰጣጣት በቃል ኪዳን የታሰረ ይመስላል፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው አይቆምምና።

ይህ ነገር በተለይ የሚታወቀው በጎች በሚወልዱበት ወራት ነው። በግ የምታረግዘው 5 ወር፥ ይኸውም 150 ቀን ያህል ነው። ሣር በጠገበችበት በነሐሴና በመስከረም የተጠቃች በግ የምትወልደው በጥርና በየካቲት፥ ሜዳው በደረቀበት ጊዜ ነው። እህል ብቻ በሚዘራበት አገር ይህ ወራት ለምታጠባ በግ ክፉ ነው፤ ከገለባ በቀር የምትበላው አታገኝም፥ ጡቷም ይደርቃል። እንሰት ግን በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያልና፥ የጉራጌ ባለቤት ቅጠሉን ቆርጦ ለአራስ በግ ያቀርብላታል። ስለዚህ ግልገሉ የሚጠባው ወተት ባለፈው ዓመት ፍግ የበላው እንሰት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በጊቱ ልትወልድ ስትቀርብ ከመንጋው ትለያለች፥ ጡቷ ይሞላል፥ መሬቱን በእግሯ ትጭራለች። በዚህ ጊዜ ነቅታ የምትጠብቃት ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት፤ ወንዱ ወደ እርሻ ወይም ወደ ከተማ ሲሄድ ከብቱ በእርሷ እጅ ይቀራልና። የአገራችን በግ ግልገል ሲወለድ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን የደጋው ሌሊት ብርድ ቶሎ ይገድለዋል። ስለዚህ እናቱ ልሳ ካልጨረሰችው በደረቅ ነገር ይታሻል፤ ወደ እሳቱም ይጠጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እንገሩን ቶሎ መጥባቱ ነው። ግልገል በሽታን የሚከላከል ኃይል በደሙ ይዞ አይወለድም፤ ያን ኃይል የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ይህን የሚቀበለው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። እናቲቱ ግልገሏን የገፋች እንደ ሆነ ራሷን ይዞ በግድ ማስጠባት ያሻል። ግልገሏ የሞተባት በግ ደግሞ የሌላውን እናት አልባ ግልገል እንድትቀበል፥ የሞተውን ልጇን ቆዳ ለሕያው ማልበስ በብዙ አገር እረኞች ዘንድ የታወቀ ብልሃት ነው። የዛሬ ሐኪሞች ስለ እንገርና ስለ ብርድ የሚያስተምሩት እነዚያ እመቤቶች በልማድ ከሚያደርጉት እምብዛም አይለይም፤ ምክንያቱን ገለጡልን እንጂ ሥራው ቀድሞም ነበረ።

የምታጠባ በግ ሩቅ መንገድ አትችልም። ያዕቆብ ከላባ ቤት ሲመለስ ወንድሙ ዔሳው አብረን እንጓዝ ቢለው፥ የሚያጠቡ እንስሳት እንዳሉትና አንድ ቀን በጥድፊያ ቢነዱ እንደሚያልቁ ነግሮት በዝግታ የተከተለው ስለዚህ ነው። የጉራጌ ሽማግሎችም ይህን ችግር በጀፎረ አቃልለውታል። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ሰርግና ልቅሶ፥ ጉባኤና ጨዋታ ይደረግበታል፤ ጥጃና ግልገልም ከደጃፍ ሳይርቁ ይግጡበታል። አራስ በግ በጀፎረ ስትውል ግልገሏ በሰው ዓይን ሥር ነው፤ ቀበሮም ንሥርም በቀላሉ አይነጥቀውም። ጀፎረን ቆርሶ ማጠር በአገሩ ሥርዐት፥ ቂጫ በሚባለው፥ የተከለከለ ነበረ፤ ጥፋተኛውም በሽማግሎች ፊት ይከሰስ ነበር።

ይህ ሥርዐት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ክፉ ቀን የተባለውን ዘመን ማስታወስ ይገባል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፥ ለኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች የተነሣ የከብት በሽታ በኢትዮጵያ ተስፋፋ፤ ሕዝቡም ስሙን ለክፋቱ ተቃራኒ አድርጎ ደስታ አለው። በሬው ስላለቀ እርሻ ቆመ፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ዐፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ቆፍረው ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ በታሪክ ተጽፏል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ በበሬ ሳይሆን በእጅ የሚቆፈር እንሰት በእንደዚህ ያለ ዘመን ሕይወት ማዳን መቻሉ ነው። ሁለተኛው፥ ያ በሽታ ይበልጥ የሚያጠቃው ላምንና በሬን እንጂ በግን አልነበረምና፥ ሀብቱን ሁሉ በአንድ ዓይነት ከብት ያላኖረ ሰው መነሻ አያጣም።

ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ እንደ ጠፋ ታወጀ። ነገር ግን የእርሱ ዘመድ የሆነ ሌላ በሽታ በጎችንና ፍየሎችን ያጠቃል፤ የበግና የፍየል ደስታ ይሉታል። እርጉዟን ያስወርዳታል፥ ግልገሉንም ፈጥኖ ይገድለዋል። የዓለም መንግሥታት ይህን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት በ2015 እ.ኤ.አ. በአቢጃን ተስማምተዋል፤ መድኃኒቱ ክትባት ነው። ስለዚህ ክታቢው ወደ ቀበሌ በመጣ ጊዜ በግን መደበቅ የገዛ ሀብትን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

በሌላ በኩል፥ መንግሥትና ረዳቶቹ የበጉን ዘር እናሻሽል ብለው ብዙ ደክመዋል። በ1944 እ.ኤ.አ. ሜሪኖ የተባለው ባለ ሱፍ በግ ከኢጣልያ መጣ፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን ላይ በተቋቋመው ማራቢያ ከፈረንሳይ፥ ከኬንያና ከሌላም አገር የመጡ አውራዎች ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀሉ። ገበሬው ግን ዲቃላውን አይቶ ፊቱን አዞረ፤ ላት የለውምና። ላት ለሀበሻ ሰው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በጉ በጥጋብ ጊዜ ያከማቸው ስንቁ ነው፥ በገበያም ዋጋው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያንም ከበግ መሥዋዕት ላቱ ተለይቶ እንዲቀርብ ታዝዟል። በኋላ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላት ያለው አዋሲ የተባለው በግ ከእስራኤል ሲመጣ ገበሬው ተቀበለው። እንግዲህ ገበሬውን አስቀድሞ መጠየቅ ምን ያህል ዘመን ባተረፈ ነበር!

ከዚህ ትምህርት የተገኘው መንገድ ሌላ ነው። ሰሎሞን ግዛው የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በ2008 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር ባሳተሙት ጥናት በየስማቸው የሚጠሩትን የአገራችንን በጎች መርምረው በ9 ዘር መደቧቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመንዝ፥ በሆሮ፥ በአፋርና በቦንጋ ገበሬዎች ራሳቸው ከየመንጋቸው የተሻለውን አውራ መርጠው በጋራ የሚጠቀሙበት ሥራ ተጀመረ። ቦንጋ ከወልቂጤ በጅማ በኩል የሚደረስበት የከፋ ከተማ ነው፤ በዚያ ሥራው ሠምሯል፤ ማኅበራቱም አውራ በግ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። በኢትዮጵያ ካሉት በጎች ከመቶው 99 ያህሉ የአገር ዘር ናቸውና፥ መሻሻሉ ከዚሁ ከቤት ካለው ቢጀመር ተገቢ ነው።

ሆኖም የተመረጠ አውራ ቢገኝ፥ እናቲቱ የምትግጠው ካጣች ምን ይጠቅማል? በጉራጌ አገር ዛሬ የሚያሰጋው ይህ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለገበሬው ገንዘብ ማምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የግጦሹን ቦታ ይዞበታል። ጫትም እንዲሁ የእንሰቱን ጓሮ እየተሻማ ነው። ጀፎረም በየስፍራው በአጥርና በቤት እየተቆረሰ ይጠባል። ወጣቱ ወደ ከተማ ስለሚሄድ በመስቀል ሲመለስ የሚያርደውን ይፈልጋል እንጂ በየካቲት ሌሊት ግልገል ለማስጠባት የሚነቃ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ የአገሩ ሽማግሎች፥ ካህናትና ሼኮች፥ መምህራንም ሁሉ በአንድ ድምፅ ሊመክሩ ይገባል። በጉ ለፋሲካም ለዐረፋም የሚፈለግ ነውና ጉዳዩ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጀፎረው በቂጫው መሠረት ይከበር፤ ባሕር ዛፍ ከግጦሹ ወጥቶ በተዳፋቱ ይተከል፤ ከጓሮው እንሰትም ለአራስ በግ የሚሆነው ቅጠል ይቀመጥላት። እናቶች የሚያውቁትን የማዋለድና የማስጠባት ብልሃት ልጆች በእጃቸው ሠርተው ይማሩት፤ ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለምና፥ አንድ ትውልድ ከዘለለው የሚያስታውሰው አይገኝም። ግልገሉን በመጀመሪያው ሌሊት ያዳነ ሰው የከርሞውን ግብርና የልጁን ደብተር ዋጋ አዳነ።