የሚሞቀው ጣሪያው ነው ወይስ ሰው?

የአውሮፓ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ ማሞቂያ የሚባል ነገር አልታሰበላቸውም። ምእመኑ ብርዱን የሚመክተው በልብሱ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ ሴቶች ውስጡ ፍም ያለበት ቀዳዳማ የእንጨት ሣጥን ይዘው ሄደው እግራቸውን ያሳርፉበት ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ መቀመጫዎቹን በረጅም ጣውላና በመዝጊያ አጥረው ነፋሱን ይከላከሉ ነበር። የሁሉም ዘዴ አንድ ነው፦ ሰውየውን እንጂ ሕንፃውን አላሞቁም።

የድንጋይ ከሰል ዘመን ይህን ሐሳብ ገለበጠው። እንግሊዛዊው ጎልድስወርዚ ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ትልቅ የብረት ምድጃ በብዙ ካቴድራሎች ተተከለ። በኢሊ ካቴድራል ዛሬም ቆሞ ይታያል። ዙሪያውን ክንፍ መሰል ብረቶች ሙቀቱን ይበትናሉ፤ ሥሩ ያለው የውሃ ገንዳ ደግሞ አየሩ እንዳይደርቅ ያደርጋል።

ችግሩ ግን ከምድጃው አልነበረም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር የሚሞቀው ጣሪያው፣ የሚበርደው እግር ነው። ሕንፃው እሑድ ብቻ በኃይል ሲሞቅ ደግሞ አየሩ በድንገት ይደርቃል፤ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ሥዕልም ይላላጣል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ጥንቱ ሐሳብ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2005 በተካሄደ የአውሮፓ ፕሮጀክት፣ በጣሊያን ተራሮች ባለችው የሮካ ፒየቶሬ ቤተ ክርስቲያን ለብ የሚሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች በመቀመጫዎቹ ላይ ተገጠሙ። ሙቀቱ ሰው ዘንድ ቀረ፤ ቅርሱም ከጉዳት ተጠበቀ። በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ቀድሞ ገዳም የነበረው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ወደ ወንዝ ሲፈስ ከኖረው 46 ዲግሪ ገደማ ፍል ውሃ ሙቀቱን ወስዶ በወለሉ ሥር አሳለፈው።

ይህ ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። በውጭ አገር ብዙ የኢትዮጵያ ማኅበረ ምእመናን የሚያስቀድሱት በገዙት ወይም በተከራዩት አሮጌ ሕንፃ ነው። ጫማ ይወለቃል፤ ቅዳሴውም በአብዛኛው በቁም ነው። የመቀመጫ ማሞቂያ ለቆመ ሰው አይደርስም፤ ሞቃት አየር የሚነፋው ትልቅ መሣሪያም የምእመኑን መዋጮ ወደ ጣሪያ ይልካል። እንግዲህ ኮሚቴው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ስለ ወለሉ ይምከር። የበሩን ክፍተት መድፈን፣ ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ አቅም ከፈቀደም ሙቀቱን ከእግር ሥር ማስነሣት ይቀድማል። አረጋውያኑ ክረምቱን ቤት የሚውሉት እምነት ስለጎደላቸው ሳይሆን እግራቸው ስለበረዳቸው ሊሆን ይችላል።