ሌሊት የሚመጣው እንግዳ፦ የአንድ የገና ግጥም ታሪክ

በዚህ እትም ከ200 ዓመት በላይ ስለኖረ አንድ የእንግሊዝኛ የልጆች ግጥም ልናወጋችሁ ነው። ስሙ «የቅዱስ ኒኮላስ ጉብኝት» ይባላል። የገና ዋዜማ ሌሊት ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ የገና አባት በስምንት አጋዘኖች በሚጎተት የበረዶ ጋሪ መጥቶ የልጆቹን ካልሲ በስጦታ ሞልቶ ሲሄድ የሚተርክ ግጥም ነው።

ባለፈው የገና ሰሞን ይህን ግጥም ለተማሪዎቻችን አነበብንላቸው። መጀመሪያ የገጠመን ችግር የቃላት ነበር። በረዶ አያውቁም። የጭስ መውጫ ያለው ቤትም አላዩም፤ እኛ ጋ ያለው ቆርቆሮና ሸራ ነው። ሰሌዳው ላይ ቤት ስለን፣ ሰውዬው በዚህ በኩል ይወርዳል ስንላቸው ሳቁ። አንዱ፣ «ቲቸር፣ በር እያለ ለምን?» አለን። መልስ አልነበረንም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም። «ሌሊት ሰው ቤት የሚገባ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሌሊት ቤታቸው የገባ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃሉ።

በዚያን ቀን ትምህርቱን ቶሎ ዘጋነው። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀንምና የግጥሙን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርን።

ስም የሌለው ግጥም

ግጥሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1823 ነው። ያተመውም ትልቅ መጽሔት ሳይሆን በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ ይወጣ የነበረ «ትሮይ ሴንቲኔል» የተባለ የአካባቢ ጋዜጣ ነው። የደራሲው ስም አልተጻፈበትም። ሌሎች ጋዜጦች ግን እየተቀባበሉ በየዓመቱ አተሙት፤ ሰዉም በቃሉ ያዘው።

እ.ኤ.አ. በ1837 ግጥሙ በአንድ መድብል ውስጥ በክሌመንት ክላርክ ሙር ስም ወጣ። ሙር ራሱም በ1844 በግጥም መጽሐፉ ውስጥ አካተተው። ይህ ሰው በኒው ዮርክ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ1809 የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ዛሬ ያንን መዝገበ ቃላት የሚያነብ ጥቂት ሰው ነው፤ በስሙ የሚጠራው የልጆች ግጥም ግን በሚሊዮኖች አፍ ላይ አለ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሄንሪ ሊቪንግስተን የተባለ ሌላ የኒው ዮርክ ሰው ቤተሰቦች፣ ግጥሙ የአባታችን ነው ብለው ተከራክረዋል። ሊቪንግስተን የሞተው በ1828 ነው፤ በሕይወት ሳለ የኔ ነው ማለቱ አይታወቅም። አብዛኛው ሰው ዛሬም ለሙር ይሰጠዋል፤ ክርክሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ ስም ሳይጻፍበት የተላከ ጽሑፍ ባለቤቱን ፍለጋ ብዙ ዘመን ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎች፣ ወረቀታችሁ ላይ ስማችሁን ጻፉ!

ስደተኛ ቃላት

የገና አባት በእንግሊዝኛ «ሳንታ ክሎስ» ይባላል። ይህ ቃል ደች ሰዎች ቅዱስ ኒኮላስን ከሚጠሩበት «ሲንተርክላስ» ከሚለው ስም የመጣ ነው። ኒው ዮርክ እስከ 1664 ድረስ «ኒው አምስተርዳም» የምትባል የደች ቅኝ ግዛት ነበረችና የሰፋሪዎቹ ቃል በዚያው ቀረ። በ1823ቱ እትም የሁለቱ አጋዘኖች ስምም በደች ቋንቋ ነጎድጓድና መብረቅ ማለት ነው። ኒኮላስ ራሱ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር የነበረ የሚራ ከተማ ጳጳስ ነው። እንግዲህ ይህ «የአሜሪካ» ግጥም የተሠራው ብዙ ባሕር ካቋረጡ ስሞች ነው።

በአፍንጫው ቀይ መብራት የሚበራው ዘጠነኛው አጋዘን ግን እዚህ ግጥም ውስጥ የለም። እሱ የመጣው ከ116 ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ አንድ የቺካጎ መደብር ለደንበኞች ልጆች ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በፈተና ላይ እንዳትሳሳቱ።

ለምን ተወደደ?

አንደኛው ምክንያት ምቱ ነው። ግጥሙ 56 ስንኞች አሉት፤ ሁለት ሁለቱ ቤት ይመታሉ። በየስንኙም ሁለት ለስላሳ ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ጠንካራ ድምፅ ይመላለሳል፤ ልክ እንደ ፈረስ ግልቢያ። ይህን ምት ጆሮ ይይዘዋል። መጽሐፍ የሌለው ልጅም ይዞት ይሄዳል።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ገና ማለት ለብዙ ሰው የጎዳና ሆታ፣ ስካርና ጫጫታ ነበር። አንዳንድ ባለጸጎች በዓሉ ወደ ቤት፣ ወደ ልጆች እንዲመለስ ይፈልጉ ነበር። ግጥሙም ይህንኑ የሚመስል ጸጥ ያለ ቤት አሳያቸው። ታሪክ ስናስተምር ግን ሌላውንም ገጽ መደበቅ የለብንም። ሙር በባርነት የያዛቸው ሰዎች ነበሩት፤ ኒው ዮርክ ባርነትን ጨርሳ ያስቀረችው በ1827 ነው። የዚያ ዘመን ሰላም ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ሦስተኛውን ምክንያት ያሳየችን ያቺ ተማሪያችን ናት። ግጥሙን ደግመን ስናነበው፣ የሚተርከው አባት ራሱ በጫጫታ ተደናግጦ ከአልጋው ሲወርድ አገኘነው። እሱም መጀመሪያ ጫጫታው ምን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ የሚያየው ትንሽ፣ ወፍራም፣ በጥላሸት የቆሸሸ ሽማግሌ ነው፤ ፊቱን አይቶም ፍርሃቱ ይለቀዋል። እንግዳው ምንም ሳይወስድ፣ ሰጥቶ ይሄዳል። ልጆች ከጣፋጩ ይልቅ ይህንን የሚወዱት ይመስለናል፦ ጨለማ ውስጥ ድምፅ ተሰማ፣ የመጣው ግን ክፉ አልነበረም።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም ቶማስ ናስት የተባለው፣ ከጀርመን የተሰደደ ሠዓሊ፣ በጃንዋሪ 1863 የገና አባትን በወታደሮች ካምፕ ውስጥ ስጦታ ሲያድል ስሎታል። ከቤቱ ለራቀ ሰው ይህ ምስል ምን እንደሚል እኛ አናጣውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ሁሉ ለክፍሉ አስረዳን። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማች፤ ወደደችው አልወደደችው አላወቅንም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ውሃ ሰልፍ ላይ ጀሪካኗን እየመታች ለታናሽ ወንድሟ ስትለው ሰማናት። ግማሹን ቃል ስታዋለች፤ ምቱን ግን አልሳተችም።

ውድ መምህራንና ተማሪዎች፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን በየቋንቋቸው የሚሉት ቤት የሚመታ ተረት ብዙ ነው፤ ካልተጻፈ ግን ከእነሱ ጋር ይሄዳል። እስቲ አንድ አንድ ጻፉና ለዝግጅት ክፍላችን አምጡልን። የነገረቻችሁን ሰው ስም መጻፍ ደግሞ እንዳትረሱ። በሰላም ያገናኘን!