መድፍና ልኬት በኦጋዴን ጦርነት (1969–1970 ዓ.ም.)

የኦጋዴን ጦርነት ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የታንክና የአውሮፕላን ውሎ ነው። ይሁንና ለመሐንዲስ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው የመድፈኛው ተግባር ነው፤ መሠረቱ ልኬት፣ ስሌትና መንገድ ነውና።

የኢትዮጵያ መድፈኛ ለብዙ ዓመታት የሠለጠነው በአሜሪካ ሥርዓት ሲሆን፣ የያዛቸውም 105 እና 155 ሚሊሜትር መድፎች ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ትብብር ሲቋረጥ 122 እና 130 ሚሊሜትር የሶቪየት መድፎች ገቡ። የተለወጠው ግን የአፈሙዝ ስፋት ብቻ አልነበረም። የአሜሪካው ሥርዓት ክብን በ6400 ሚል ሲከፍል፣ የሶቪየቱ በ6000 ይከፍላል። ስለዚህ ተመልካቹ በአንደኛው ልኬት ያስተላለፈውን 1600 ሚል ተኳሹ በሌላኛው ቢወስደው፣ 90 ዲግሪ የነበረው 96 ይሆናል። በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይህ ልዩነት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ከጥይቱ ፊት የሚያጠቃው እግረኛ ደግሞ በብዛት ከየክፍለ ሀገሩ ተጠርቶ በታጠቅ ጦር ሠፈር የሠለጠነ ገበሬ ነበር። የእርሱ ሕይወት በስሌት ሠንጠረዡ ትክክለኛነት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል። ጊዜው አጭር በመሆኑ ከአዲሶቹ መድፎች ብዙዎቹን ያንቀሳቀሱት የኩባ መድፈኞች ነበሩ።

ሁለተኛው ችግር መንገድ ነው። የጅቡቲው የባቡር መሥመር በ1969 ዓ.ም. በመቆረጡ፣ ከባዱ መሣሪያ በባሕር እስከ አሰብ፣ ከዚያም በረጅሙ የመኪና መንገድ መጓጓዝ ነበረበት።

በመስከረም 1970 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ የካራማራ በርም አብሮ ተያዘ። በአንጋጫ ኖሮ አምባሪቾን የሚያውቅ ሰው፣ ተራራ ከጀርባው ያለውን ምን ያህል እንደሚሰውር አይስተውም። ተራራን ተሻግሮ ለመምታት አፈሙዙን ከፍ አድርጎ የሚተኩስ መድፍ፣ ያንንም የሚያርም ተመልካች ያስፈልጋል። ሆኖም በሩን የከፈተው መድፍ ብቻውን አልነበረም፤ በሰሜን በኩል ዞሮ የተጓዘው ጦርና በሄሊኮፕተር ከተራራው ማዶ የወረዱት ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ጭምር ናቸው። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች።

እንግዲህ የመድፍ ኃይል የሚመዘነው በአረሩ ክብደት ብቻ አይደለም። የተመልካቹና የተኳሹ ልኬት አንድ ካልሆነ፣ መንገዱም ጥይቱን በጊዜው ካላደረሰ፣ ትልቁ መድፍ ከብረት ክምር አይሻልም። በተሳሳተ ልኬት ከተተኮሰማ ለገዛ ወገን ጠላት ይሆናል።