ተሳፋሪው ከጣቢያ ሲወጣ፦ ባሕሪ፣ ካርቱምና ለገሃር

አንድ እንግዳ ለከተማ የሚሰጠው የመጀመሪያ ግምት ብዙውን ጊዜ ከገባበት በር ይጀምራል። ባቡር ዋነኛ መጓጓዣ በነበረበት ዘመን ደግሞ የከተማ በር ጣቢያው ነበር። ጣቢያው የት እንደሚሠራ፣ ደጃፉ ወዴት እንደሚመለከት፣ ከደጃፉ የሚነሣው ጎዳና ማን ፊት እንደሚያደርስ መንግሥታት አስበውና መክረው ይወስኑ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለእኛ ቅርብ የሆኑትን ሁለት ከተሞች፣ ካርቱምንና አዲስ አበባን፣ በዚሁ በር በኩል ለመመልከት እንሞክራለን። ገዢዎች ለተሳፋሪው ሊያሳዩት የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ተሳፋሪው ይዞት የቀረው ግን ሌላ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካርቱም የባቡር መንገድ የተወለደው ከጦርነት ነው። የእንግሊዝና የግብፅ ጦር አዛዥ የነበረው ኪችነር የማህዲስቶችን መንግሥት ለመውጋት ሲዘጋጅ፣ ከዋዲ ሐልፋ ተነሥቶ የኑቢያን በረሃ የሚያቋርጥ ሐዲድ በ1897 መጀመሪያ አስጀመረ። ሐዲዱ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ አቡ ሐመድ ደረሰ፤ በ1898 ክረምት አትባራ ገባ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 2 ቀን የኦምዱርማን ጦርነት ተካሄደ። በዋዲ ሐልፋና በአቡ ሐመድ መካከል መንደር ስላልነበረ በበረሃው የተተከሉት ጣቢያዎች ስም አልወጣላቸውም፤ ከአንድ እስከ አሥር በቁጥር ብቻ ተጠሩ። በዚያ ያለፈ ተሳፋሪ የሚያስታውሰው «ቁጥር ስድስት» ጣቢያን ነው፤ የጉድጓድ ውሃ የሚገኝበት ነበርና። በዚህ ሐዲድ ላይ ከተጓዙት አንዱ የሃያ ሦስት ዓመቱ መኮንን ዊንስተን ቸርችል ነበር፤ ስለ ጦርነቱ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ለበረሃው ባቡር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል።

ሐዲዱ በ1899 የመጨረሻ ቀን ሐልፋያ ሲደርስ የጥቁር ዓባይ ወንዝ ከፊቱ ተደቀነ። ስለዚህ ለአሥር ዓመት ያህል የካርቱም ባቡር የሚቆመው ካርቱም ውስጥ ሳይሆን በሰሜኑ ዳርቻ፣ ዛሬ ባሕሪ በምንለው ወገን ነበር። ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ፣ ዕቃውን አስጭኖ፣ በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ ከተማ ይገባል። ባሕሪ የሚለውን ቃል የአማርኛ ጆሮ ከባሕር ጋር ያያይዘዋል፤ ማያያዙም ስሕተት አይደለም። በግብፅና በሱዳን ዐረብኛ «ባሕሪ» ማለት ሰሜን ማለት ነው፤ ባሕሩ ያለው በሰሜን በኩል ስለሆነ። በዚህ ዳርቻ በባቡሩ ማብቂያ ዙሪያ የመርከብ መጠገኛው፣ መጋዘኑ፣ ኋላም ፋብሪካው ተሰባሰበና ባሕሪ የሠራተኛ ከተማ ሆነች። የእኛ ካፉሪ ከዚያ በስተምሥራቅ ገና እርሻ ነበረች፤ ስሟም የመጣው የእርሻው ባለቤት ከነበረው ሊባኖሳዊ ቤተሰብ ነው።

ከ1907 እስከ 1909 በተካሄደው ሥራ በጥቁር ዓባይ ላይ የብረት ድልድይ ከተዘረጋ በኋላ ባቡሩ ወንዙን ተሻግሮ ካርቱም ገባ። ጣቢያው ከከተማዋ በስተደቡብ ተሠራ፤ ሐዲዱም ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ደቡባዊ ወሰን ሆኖ ቆየ። ከጣቢያው ደጃፍ የሚነሣው ቀጥ ያለ ጎዳና ያኔ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የሚጠራው፣ ዛሬ የቤተ መንግሥት ጎዳና የምንለው ነው። ተሳፋሪው በዚህ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲያቀና፣ ከቤተ መንግሥቱ በስተደቡብ ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ በማህዲስቶች የተገደለው ጄኔራል ጎርደን በግመል ተቀምጦ በነሐስ ተቀርጾ ይጠብቀዋል፤ ከሐውልቱ ኋላ ደግሞ ጎርደን የተገደለበት ቦታ ላይ እንደገና የታነጸው ቤተ መንግሥት ይታያል። ከባቡር የወረደ ሱዳናዊ አገሩን ማን እንደሚገዛት ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ሐውልቱ የተነሣው ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1958 ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሻገር። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፤ ይህም የኪችነር ሐዲድ በተጀመረበት ዓመት መሆኑ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ የተነሣ ሰው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ዛሬም ቆሞ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የመጡ የውጭ እንግዶች ከጣቢያው ሲወጡ እንዲያዩት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ለፊት ተተከለ። ለበዓሉ በጋዜጠኝነት ከመጡት አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ነበር፤ ጉዞውንና ከተማዋን በማግሥቱ ዓመት በመጽሐፍ በፌዝ መልክ ጽፎ አወጣ።

ከለገሃር ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚወጣው ጎዳና፣ የካርቱሙን ጎዳና ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ጣቢያው ከታች በደቡብ፣ ሥልጣን ከላይ በሰሜን። በጎዳናው ራስ ላይ በ1960ዎቹ የታነጸው ማዘጋጃ ቤት ቆሟል። በመካከሉ ደግሞ ደርግ በ1984 የትግላችን ሐውልትን አቆመ። ጎዳናው የተሰየመው በቸርችል ነው፤ በወጣትነቱ በሱዳን በረሃ በኪችነር ባቡር የተጓዘው መኮንን ስሙ በመጨረሻ በሌላ ጣቢያ ደጃፍ ተገኘ።

የጣቢያ ደጃፍ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የአንበሳው ዕጣ ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የይሁዳን አንበሳ ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰደው። በሮማም የቆመው ከዋናው የቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በ1887 ዶጋሊ ላይ ለሞቱት ጣሊያናውያን መታሰቢያ በተሠራው ሐውልት ሥር ነበር። ከአንዱ ጣቢያ ፊት ተነቅሎ ወደ ሌላው ጣቢያ አጠገብ መተከሉ ይህ ነው፤ ያው ምልክት፣ ለሌላ ተሳፋሪ፣ ተቃራኒ መልእክት ይዞ ቆመ። በ1938 ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስቆሙት በመጡት ላይም ጎራዴውን መዘዘ። ከዚያ በኋላ ነፃ ሰው ሳይሆን በ1945 ሲሲሊ ውስጥ ዐረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እስካሁን የተመለከትነው ገዢዎች ያሳዩትንና የውጭ ጸሐፍት የጻፉትን ነው። በሦስተኛና በአራተኛ ማዕርግ የተሳፈረው፣ ቦታ ሲጠፋም ፉርጎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አትባራን የተሻገረው ሱዳናዊ፣ ወይም ከድሬዳዋ ጫትና ኮንትሮባንድ ይዛ የተሳፈረችው ነጋዴ መጽሐፍ አልጻፉም። ስለ ጣቢያው ምን እንዳሰቡ የምናገኘው በቃላት ውስጥ ነው። የፈረንሳይ ኩባንያ ሠራተኞች ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» ሲሉ የሰማው የአዲስ አበባ ሰው «ለገሃር» አለው፤ ስሙም ከሕንፃው አልፎ የሰፈር ስም ሆነ። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎትን ከሚያመለክት የባሕር ማዶ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ ካርቱም ውስጥ «ባቡር» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ የሱዳን ሰው አሳቡ ወደ እንፋሎት መርከብ ወይም ወደ ውሃ መሳቢያ ሞተር ይሄድበታል፤ ለእርሱ ባቡሩ «ገጠር»፣ መሥሪያ ቤቱም «ሲካ ሐዲድ» ነው። ሐዲድ ማለት ብረት ነው፤ አማርኛችን ከዐረብኛው መንገዱን ትቶ ብረቱን ብቻ ወሰደ።

በኦምዱርማንም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1928 የነጭ ዓባይ ድልድይ ሲከፈት የከተማው ትራም ከካርቱም ተሻግሮ ኦምዱርማን ገባ። ትራሙ ከቀረ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ይቆምበት የነበረው ሥፍራ ግን እስከ ዛሬ «መሐጣ ውስጣ»፣ መካከለኛው ጣቢያ፣ ይባላል። ባሕሪም የራሷ መሐጣ ውስጣ አላት። የንግሥት ቪክቶሪያ ስም ከጎዳናው ላይ ተነሥቷል፤ የትራም ተሳፋሪ ያወጣውን ስም ግን የነካው የለም። ከካርቱም ጣቢያ በስተደቡብ ባሉት ደይሞች የሰፈረው ሐበሻም አብዛኛው በገዳሪፍ በኩል በመኪና የገባ ቢሆንም፣ ቤቱን ለእንግዳ የሚያመለክተው ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ እያለ ነው።

ባቡሩ ራሱ በሁለቱም አገር ደክሟል። ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው የአስፋልት መንገድ በ1980 ሲጠናቀቅ መንገደኛውና ጭነቱ ወደ መኪና ዞረ። የአዲስ አበባው አሮጌ ባቡርም ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ለገሃር አልደረሰም፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ጣቢያውን ያደረገው ከከተማ ዳር፣ ለቡ አጠገብ ነው። በሴፕቴምበር 2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 39 ጣቢያዎች ይዞ ሲነሣ፣ ተሳፋሪው ከ2 እስከ 6 ብር ከፍሎ ከተማውን ከድልድይ ላይ ቁልቁል ያየበት ደስታና፣ ሐዲዱ መንገዱን ስለከፈለው ዞሮ ለመሻገር የተገደደው እግረኛ ምሬት አብረው ተሰሙ። ከጣቢያዎቹ አንዱ ግን «ለገሃር» ተባለ። አሮጌው ባቡር የማይደርስበትን ስም አዲሱ ወረሰው።

የእኛዋ ባሕሪ ነገር ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሣው ጦርነት የሦስቱን ከተሞች ሕዝብ በተነ፤ ካፉሪም ለሁለት ዓመት ገደማ የጦር ቀጠና ሆና ቆየች። ሰዎች ከመኖሪያቸው ሲወጡ ሥዕልና መዝገብ ይዘው አልወጡም። በጁላይ 2025 ከካይሮ ራምሴስ ጣቢያ ወደ አስዋን ተመላሽ ሱዳናውያንን በነፃ የሚያደርስ ባቡር መጓዝ ጀመረ። ከአስዋን ወዲህ ያለው ጉዞ በአውቶቡስ ሲሆን፣ ወደ ሱዳን የሚያስገባውም በዋዲ ሐልፋ በኩል ነው። በ1897 ሐዲዱ የተነሣው ከዚያ ነበር፤ አሮጌው ከተማ ግን በ1960ዎቹ በአስዋን ግድብ ውሃ ሥር ቀርቷል።

ከእነዚያ ተመላሾች መካከል ባሕሪ ደርሶ ቤቱን የሚፈልግ ሰው የፈረሰውን ሕንፃ ምልክት ሊያደርገው አይችልም። ለሾፌሩ የሚነግረው ግን አለው፤ መሐጣ ውስጣ አድርሰኝ ይለዋል። ከእኛም መካከል በዚያ ሰፈር የኖረ ሁሉ የሚያውቃቸውን የጣቢያ፣ የፌርማታና የመሻገሪያ ስሞች ከነምክንያታቸው ለልጆቹ ቢነግር፣ ቢቻልም በወረቀት ቢያሰፍር፣ ነገ የከተማዋን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የሚተርፍ ማስረጃ ያኖራል።