የስትሮክ ሕክምናና ተሃድሶ በዓይደር ሆስፒታል፣ መቐለ

ዓይደር በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከትግራይ ሌላ ከአፋርና ከሰሜን ምሥራቅ አማራ የሚላኩ ሕሙማንንም ይቀበላል።

ስትሮክ የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። ዋነኛው መንስኤ የደም ግፊት ነው፤ ወጣቶችን ለዚህ ከሚዳርጉት መካከል ደግሞ የሩማቲክ የልብ ሕመም ይገኝበታል። ሁለቱን ዓይነቶች በእርግጠኝነት የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ ለተደፈነው የሚጠቅመው አስፕሪን ለሚደማው አደገኛ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከሩቅ ወረዳ የሚመጣ ሕመምተኛ ይህን ጊዜ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ብዙው ሥራ እንክብካቤ ነው፤ ምግብ ከመስጠት በፊት መዋጥ መቻሉን መፈተሽ፣ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ ማገላበጥ፣ ግፊቱን መከታተል። ፊዚዮቴራፒ ሕመምተኛው እንደተረጋጋ መጀመር አለበት። ቤት ከገባ በኋላ እንቅስቃሴውን የሚያሠራው ቤተሰብ በመሆኑ፣ አስታማሚን ማሠልጠን የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ሁሉ ክፉኛ ጎዳው። ጦርነቱን እስካስቆመው የጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሆስፒታሉ በመሠረታዊ መድኃኒቶች እጥረት ተቸግሯል፤ የግፊት ክኒን ማቋረጥ ደግሞ ለስትሮክ ያጋልጣል።

ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።